የጉንፋን ዋዜማ

ፈድሉ ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ደንበኛ ሲገባ ቀና ብሎ ያያል፣ ዋጋ ይናገራል፣ በቃ። ክፉ አይደለም፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በመከራ ነው እንጂ። ጉንፋን ሊይዘው ሲል ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ገና ሳያስነጥሰው፣ ገና ጉሮሮውን ሳይከረክረው፣ ሰው ይናፍቀዋል። ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማል፣ የጨበጠውን እጅ አልለቅ ይላል። በማግስቱ እሱ አልጋ ላይ ነው፤ በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ ይስላል። ሚስቱ ኡሙሀኒ፣ "ቫይረሱ እግር ስለሌለው ያንተን ይዋሳል" ትለዋለች።

አንድ ማለዳ ከእንጦጦ የወረደው ጉም መንገዱን ሸፍኖት ሳለ፣ ፈድሉ ሆዱ ባብቶ ነቃ። ልጁ ሩፋይዳ እሱ ያልፈቀደውን ሰው ካገባች ወዲህ አላናገራትም፤ ሰሞኑን መውለዷን እንኳ የሰማው ከሚስቱ ነው። አሁን ግን ቂሙ የት እንደገባ ጠፋው። ሰውነቱ ቅልል ብሎት፣ በጉሙ ውስጥ የሚንሳፈፍ እየመሰለው ጫማውን አሰረ።

"ወዴት ነው?" አለች ኡሙሀኒ።

"ሩፋይዳ ጋ። ሕፃኑን አቅፌ ልሳመው።"

ዓይኑ ያበራል። ይህን ብርሃን ታውቀዋለች። ስንት ጊዜ የለመነችው እርቅ ነበር፤ ሆኖም በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆመች።

"ፈድሉ፣ ሊያምህ ነው። ጨቅላ ልጅ ይህን አይችልም።"

"ደህና ነኝ እኮ። እ... ማለቴ፣ ዛሬ ካልሄድኩ መቼም የምሄድ አይመስለኝም።"

እውነቱን ነበር። ከበሩ ግን አልተነሳችም።

ሲመሻሽ ትኩሳቱ ተነሳ። በቅዠቱ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ሕፃን ታቅፎ ይሄዳል። ዛፎቹ ሁሉ ያስነጥሳሉ፤ እሱ ሕፃኑን ደረቱ ውስጥ ይሸሽጋል፣ መንገዱም አያልቅም።

ሲሻለው ያ ሁሉ ፍቅር ከላቡ ጋር ወጥቶ ሄዶ ነበር። ዝም ብሎ ሱቁን ከፈተ፣ ዝም ብሎ ዋለ። ኡሙሀኒ ምነው ባልከለከልኩት ብላ በሆዷ አለቀሰች።

ሳሉ ጨርሶ በለቀቀው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘጋ። ዛሬ ሰውነቱ አልቀለለውም። እግሩ ከብዶታል፣ ማንንም ማቀፍ አላሰኘውም፣ አፍሯል። እንዲያው እንዳፈረ ሄደ።

ሩፋይዳ በሩን ከፍታ ስታየው ልጇን ወደ ደረቷ ሸሸግ አደረገች። አባቷን ሰው የሚናፍቀው መቼ እንደሆነ ከልጅነቷ ታውቃለች።

"አባ፣ አሞህ ነው?"

"አይ ልጄ" አለ። "ድኜ ነው የመጣሁት።"