ሴቭ ያላደረግሁት ቲያትር

ባለፈው ሳምንት ልጄ የመመረቂያ ጽሑፏን ላፕቶፕ ላይ ስትሠራ መብራት ሄደ። ባትሪው ያረጀ ነውና ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ። እኔ "ወይኔ ልጄን" እያልኩ ስነሳ እሷ ጥፍሯን ትሞርዳለች። መብራቱ ሲመጣ ጽሑፏ እዚያው ጠበቃት።

"አባዬ፣ እሱ ራሱ እኮ ያስቀምጣል፤ ድሮም እንዲህ ነበር" አለችኝ።

"ድሮም" ያለችው ነገር እህል ከለከለኝ።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ደብረ ታቦር ላይ በሁለት ጣት እንደኔ የሚፈጥን ጸሐፊ አልነበረም። ማንም አላስተማረኝም። ጓደኛዬ ሙሉቀን ገበያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበረው፤ ደንበኛ ሲጠፋ ወንበሩን ይለቅልኛል፣ እኔ ቲያትሬን እጽፋለሁ። ለቡሄ በከተማው አዳራሽ የሚታይ ቲያትር ሊመረጥ ነው፤ የተመረጠው ደራሲ ባሕር ዳር ሄዶ ይሠለጥናል። ሌላ ተወዳዳሪ መኖሩን አልጠየቅሁም። እኔ እያለሁ ማን ይወዳደራል?

ቲያትሩ የአንድ የብርዳሙ ጉና ተራራ ሰው ታሪክ ነው። ይፋግ ወርዶ ሙቀት የለመደች ሙሽራ ያመጣል። እሷ ትንቀጠቀጣለች፣ እሱ "ይሄ ምን ብርድ ነው" እያለ ይፎክራል።

ሴቭ ማድረግን ሙሉቀን ከልክሎኛል። "ኮምፒውተሩ ሊሞላ ነው፣ ስትጨርስ አንዴ እናስቀምጠዋለን" ይላል። አመንኩት። ጎተራም ይሞላል፣ ኮምፒውተር ለምን አይሞላ? ስለዚህ ማሽኑ ሳይጠፋ ያድራል። ማታ እንደ ሊጥ ሸፍነነው እንሄዳለን፣ ጠዋት ስንገልጠው ጽሑፌ አለ።

የመጨረሻው ትዕይንት ብቻ ሲቀረኝ፣ ሐምሌ ላይ፣ ቅቅል ድንች በዳጣ ልገዛ ወጣ አልኩ። ጉና በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። አንድ ነጎድጓድ ሲወርድ የከተማው መብራት ጠፋ፣ ወዲያው ተመልሶ መጣ። በስብሼ ስገባ ሙሉቀን ስክሪኑን በጀርባው ጋርዶ ቆሟል።

"ምን ሆነ?"

"በላው።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ነፍስ ይማር በል፣ ወንድምዓለም።"

ዞር ሲል አየሁት፤ ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ። ትኩሱን ድንች እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ለቡሄ ያው አዳራሽ ገባሁ። ደራሲው ሙሉቀን ነው ሲባል፣ ሳይነግረኝ ጎበዘ ብዬ አጨበጨብኩ። ከዚያ ሙሽራዋ ወጣችና "የጉና ብድር አጥንቴን ሰበረው" አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ሰው ስለ ማዳበሪያ ብድር መስሎታል። እኔ ግን ስሕተቴን አወቅሁት። ልጽፍ ያሰብኩት "የጉና ብርድ" ነበር፤ ጣቴ ፊደሉን አገላብጦት፣ ስጨርስ አርመዋለሁ ብዬ የተውኩት ነው።

ከጎኔ አንድ ሽማግሌ "ይሄ ልጅ እንዴት ያለ ነገር አዋቂ ነው" አሉ።

"አባቴ፣ የፊደል ስሕተት እኮ ነው።"

"ቅናት ይዞሃል አንተ ልጅ፤ ዝም ብለህ እይ።"

ስንወጣ በር ላይ ያዝኩት። "ሙሉቀን፣ ጠፋ አላልከኝም?"

"ጠፍቶ ነበራ። መብራት ሲመጣ ራሱ አወጣው።"

"ታዲያ የኔ ነዋ።"

"አንተ መች ሴቭ አደረግኸው? ሴቭ ያደረግሁት እኔ ነኝ።"

ፊቱ ላይ እፍረት የሚባል የለም። እሱ ባሕር ዳር ሄደ፣ እዚያው ቀረ። እኔ ሌላ ቲያትር አልጻፍኩም፤ በየሠርጉ በቀልዴ ሆዱን ይዞ የሚስቀውን ሰው ግን ጠይቁ፣ የሚስተካከለኝ የለም።

ፋይሉን መውሰዱን እንኳ ይቅር እለው ነበር። ግን ፋይሉ ውስጥ መጨረሻው የለም፤ አልጻፍኩትማ። መድረኩ ላይ ደግሞ አንድም ቃል ሳይጎድል ታየ።

በዚያ በዝናቡ ቀን ሙሉቀን ሽሮ ጋብዞኝ፣ ትከሻዬን እየመታ ሲያጽናናኝ፣ "በል ሳትረሳው መጨረሻውን ንገረኝ" ብሎኝ ነበር። እኔም ወዳጅ እንዲህ ነው ብዬ፣ ምግቡን ትቼ ተነሳሁና ተጫወትኩለት፤ ሚስቲቱ ጋቢውን ይዛ ስትሄድ፣ ያ ፎካሪ ባል እየተንቀጠቀጠ ጋቢውን ተከትሎ ይፋግ ይወርዳል። ሙሉቀን ከልቡ ሳቀ። "እስቲ ድገመው" አለኝ። ደገምኩለት።

ዛሬም ቀልዴን ወዶ "ድገመው" የሚለኝ ሰው ሲመጣ፣ መጀመሪያ ፊቱን አያለሁ።