ከሁምቦ በታች ያረፍንበት ጥላ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ መጀመሪያ ያዘዙኝ ነገር መተኛት ነበር። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ባለው ጋራዥ መሪ ያስይዙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጋሽ መርጊያ ጠጠሩ ላይ በጀርባዬ አጋደሙኝ። "ምን ተሰማህ?" አሉኝ። ጭንቅላቴ ወደ ታች እንዳዘነበለ ነገርኳቸው። "በቃ፤ የድንኳን ካስማ የምትመታው እንዲህ ተኝተህ ካየህ በኋላ ነው። ተሳፋሪ ወገቡን ሲያመው የሚሰደበው ሹፌሩ ነው" አሉኝ።

ጋሽ መርጊያ ሁለት አሮጌ ላንድክሩዘር ነበሯቸው። ሥራችን ተጓዥ ጭነን ከሶዶ ተነስተን፣ አርባ ምንጭን አልፈን፣ እስከ ኦሞ ቆላ መውረድና መመለስ ነው። በረዳትነት ጎማ ቀየርኩ፣ ድንኳን ተከልኩ፣ ድስት አጠብኩ። ከዚያ ሹፌር ሆንኩ። በመጨረሻ የጉዞ መሪ ተባልኩ።

የጉዞ መሪ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። ዋናው ሥራ ማረፊያ መፈለግ ነው። ተሳፋሪ ጥላ ያለው፣ ነፋስ የሚገባው፣ ዝንብ የሌለበት፣ ኔትወርክ የሚይዝ ቦታ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ቦታ ባገኝ እኔው ራሴ ቤቴን ሠርቼበት ነበር።

ደረቅ ወንዝ ውስጥ አላቆምም፤ ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ዘንቦ ጎርፉ እዚህ ይደርሳል። ከላይ የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ አላቆምም። የጉንዳን መንገድ አያለሁ፣ የድንኳኑን በር ከነፋሱ አዞራለሁ፣ መጨረሻ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ መሬቱን እሞክራለሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው ቀኑን ሙሉ መሪ ይዤ፣ አቧራ ውጬ፣ ወገቤ ሲንቀጠቀጥ ከዋለ በኋላ ነው። ተሳፋሪው ግን ከመኪና ሳይወርድ "እዚያኛው አይሻልም ነበር?" ይለኛል።

ድርቅ በጠናበት ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ይዤ ከኦሞ ስመለስ የመጨረሻው ማረፊያችን ከሁምቦ በታች፣ ወደ አባያ በሚወርደው ሜዳ ላይ ነበር። አስፋልቱን ለቀን ገና ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ከመምህራኑ የአንዱ፣ የዶክተር ኃይሉ ባለቤት ወይዘሮ ሰብለ ሙቀቱ ጣላት። አስመለሳት፣ ፊቷ ደረቀ። "ማቴዎስ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ፣ ያገኘኸው ጥላ ሥር አቁም" አለኝ ባሏ።

ኮረብታው ላይ ያለው ደን የተከለለ ነው፤ መኪና አይገባበትም። ሜዳው ላይ ከአንድ ሾላ በቀር ጥላ የሚባል አልነበረም። ሾላው አቶ ዳና የሚባሉ ገበሬ ግቢ ውስጥ ነው። ወርጄ "ሳሮ" ብዬ ሰላምታ ሰጠሁና፣ እዚያ ብናርፍ የምናስቸግረው እንዳለ ጠየቅኳቸው።

አቶ ዳና ወደ መኪናው ውስጥ አዩ። "ማንም የለም። ግቡ፣ ግቡ! ዛፉ ባዶ ነው።"

ግንዱ ላይ አጥንቷ የወጣ፣ ለመውለድ የቀረበች ጥቁር ላም ታስራለች። "ላሟስ?" አልኩ።

"ላም ሌላ ቦታ አለው" አሉና ፈትተው ወደ ቤቱ ጓሮ ወሰዷት።

መሬቱ ላይ ተኛሁ። ሜዳ፣ ለስላሳ፣ ጠጠር የሌለው። በሥራ ዘመኔ እንዲህ የሚመች መሬት አላገኘሁም። ሰብለ ስኳርና ጨው የገባበት ውኃ ቀስ በቀስ ጠጥታ ቀና አለች። ድንኳኖቹን ጥላው ሥር ተከልንና ሁሉም ተኙ። እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ከሰዓት በኋላ የሴት ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ጓሮ ስሮጥ ላሟ በጎኗ ወድቃ አንገቷን ዘርግታለች። ጓሮው ውስጥ ጥላ የሚባል የለም። አቶ ዳና ሲያዩኝ "ይቅርታ፣ ከእንቅልፍ አስነሳናችሁ" አሉኝ።

ሚስታቸው ማርታ ግን ትዕግሥቷ አልቋል። "ድርቁ ከመጣ ላሙ እዚያ ጥላ ነው የሚውለው! አቅም የለውም፣ ፀሐይ አይችልም!"

ተናደድኩ። "ጋሽ ዳና፣ ጠይቄዎት አልነበረም?"

"ጠየቅከኝ። ሴትዮ ታሞ መኪና ውስጥ እያየሁ፣ ላም አለበት ልልህ ነው?"

የድንኳኑን የምንጣፍ ሸራ አምጥተን በሆዷ ሥር አሳለፍን። ጎረቤት መጣ፣ መምህራኑ መጡ። ዶክተር ኃይሉ ዶክተርነቱ የሂሳብ ነው፤ ቢሆንም ሸራውን ይዞ ከማንም በላይ ሳበ። ሰብለ ከራሷ የመጠጥ ውኃ የላሟን ራስ አረጠበች። ላሟ ተነሳች ስንል ተመልሳ ወደቀች። ብዙ ከታገልን በኋላ እግሮቿ እየተንቀጠቀጡ ቆመች። ደግፈን ወደ ሾላው ወሰድናት፤ ድንኳኖቻችንን ነቅለን ፀሐይ ላይ ተከልን።

ጥጃው ሞቶ ተወለደ። ይህን የሰማሁት በሌላ ጉዞ ሳልፍ፣ ከአቶ ዳና ሳይሆን ከማርታ ነው። ሰላም ልላቸው ነበር የወረድኩት። አቶ ዳና ግን መኪናው ውስጥ የተቀመጡትን ተሳፋሪዎች አዩና፣ ዞር ብለው የላሟን ገመድ መፍታት ጀመሩ።

እጃቸውን ያዝኩ። "አላድርም፣ አላፊ ነኝ" አልኩ። እውነቱን ለመናገር እዚያው ላድር አስቤ ነበር፤ ከዚያ በላይ መንዳት አቅቶኝም ነበር። ነዳሁ።

ቆላ ላይ ማረፊያ የምትመርጡ ልጆች፣ ባለቤቱን ጠይቁ፤ መልሱን ግን አትመኑ። መሬቱን እዩ። እበት ካለበት ጥላው የከብት ነው፤ እለፉና ፀሐይ ላይ ሸራ ወጥሩ።