የአውቶቡሷ መድረሻ

ልጄ ለሠራቻት የካርቶን አውቶቡስ የከተማ ስሞች ውኃ ሲነካው ጽሑፉን በሚለቅ የተለጣፊ ወረቀት ላይ አሳትማ፣ ቀለሙ እንዳይፈስ ቫርኒሽ ቀብታ ውኃ ውስጥ ነከረቻቸው። ፊደሎቹ ከወረቀቱ ተንሸራተው ሲለቁ የእርጥብ ወረቀት ሽታው ወንድሜን አመጣብኝ።

ዳንግላ ልጆች ሳለን ከሳሙና ካርቶን ላይ «አዲስ አበባ» የሚለውን በውኃ አርሰን ልጠን፣ እሱ በሠራት የቆርቆሮ መኪና ላይ በሊጥ ለጠፍነው። አባባ አዩና፣ «አንተ ልጅ፣ የሩቅ አገር ስም አትለጥፍበት፤ ልብህን ይወስደዋል» አሉት።

«አባባ፣ ቆርቆሮ እኮ ነው!» ብሎ ሳቀ።

ሲያድግ በእውነተኛው አውቶቡስ አዲስ አበባ ሄደ። ይኸው እስካሁን ድምፁን አልሰማንም።

«እማየ፣ መነሻዋ እዚሁ እኛ ከተማ እንጅባራ ነው። መድረሻዋን የት ልበል?» አለችኝ ልጄ።

ፈራሁ። «እሱንም እንጅባራ በይው» አልኋት።

«ታዲያ ምኑን ሄደችው?» ብላ ሳቀችብኝ።