የዘጋሁባቸው ዋይፋይ

መካነ ሰላም ውስጥ ሞባይል እየጠገንኩ ነው የምኖረው። የሱቄ ዋይፋይ ግድግዳ ተሻግሮ ጎረቤቴ ቤት ይደርሳል። ጎረቤቴ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው፤ ያለቻቸው አንዲት ልጅ አረብ አገር ነበረች፤ በኢሞ የሚገናኙትም በኔው ዋይፋይ ነበር። የይለፍ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸው፣ መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውት ይዞራሉ።

አንድ ሰኞ ሦስት ሽማግሌዎች ሱቄ ገቡ። ልጅቱ ሞተች የሚል ወሬ ከዚያው ካለ ሰው ደርሷቸዋል። መርዶ ደግሞ በኛ አገር ዝም ብሎ አይወረወርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በወጉ ነው የሚነገረው። የሴትዮዋ ወንድም ከደጎሎ የሚደርሱት ሐሙስ ነው።

«እስከዚያ በስልክ እንዳትሰማው፤ ድንጋጤ ይገድላታል። ዝጋባት» አሉኝ።

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል። እኔ ምንም አልጨመርኩበትም። የዋይፋዩን ሳጥን መቆጣጠሪያ ገጽ በስልኬ ከፍቼ፣ ከተያያዙት ስልኮች መሀል የሳቸውን መርጬ ከለከልኩት። ከዚህ የቀለለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ስልካቸውን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ እምቢ አለኝ እኮ። ቁጥሩን አሳስቼ ይሆን?»

«እስኪ ይስጡኝ፣ እትዬ።»

ከዚያ ቲያትር ሠራሁ። ቁጥሩን ከወረቀታቸው ላይ እያየሁ ቀስ ብዬ አስገባሁ። ሳጥኑን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ስልኩ «መገናኘት አልተቻለም» ባለ ቁጥር፣ እንደ ደህና ሰው ከንፈሬን መጠጥኩ።

«ኔትወርኩ ነው» አልኳቸው በመጨረሻ።

«አብሽር፣ አንተ ምን ታደርግ! አላህ ጤናህን ይስጥህ» ብለው መረቁኝ።

ረቡዕም መጡ። ያንኑ ቲያትር ደገምኩላቸው፤ ያንኑ ምርቃት ደገሙልኝ።

ሐሙስ ማለዳ ሁሉም በወጉ ሆነ። ወንድምየው ደረሱ፤ መርዶው ተነገረ፤ ድንኳን ተተከለ። ሽማግሌዎቹ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ደግ ሠራህ» አሉኝ። አመንኳቸው፤ ያን ዕለት ምሳዬንም በደንብ በላሁ።

ከሳምንት በኋላ ሴትዮዋ ጥቁር ለብሰው መጡ። የልጃቸውን ፎቶ በትልቁ እንዳሳጥብላቸው ፈልገዋል፤ ያለው ኢሞው ውስጥ ነው። ክልከላውን አነሳሁና ስልኩን መለስኩላቸው። እጃቸው ላይ እንዳለ ይንጫጫ ጀመር። የድምፅ መልእክት ነው፤ የሰኞ ማታ አንድ፣ የማክሰኞ ሦስት፣ የረቡዕ አንድ። ኋላ እንደተጣራው፣ ሰኞ ሞተች የተባለችው ልጅ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። የሞተችው ረቡዕ ማታ ነው።

ልቀማቸው ስል የመጨረሻውን ነክተውት ነበር።

«እማ፣ ለምን ዝም አልሽኝ? ተቀየምሽኝ እንዴ? እባክሽ አንዴ አናግሪኝ።»

ሱቁ ጠበበኝ። አሁን ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢረግሙኝ ደስታዬ ነበር። እሳቸው ግን ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«በየት በኩል ነው የምመልስላት?» አሉኝ።

የድምፅ መቅጃውን በጣቴ ተጭኜ ያዝኩላቸው።

«ወላሂ አልተቀየምኩሽም፣ ልጄ» አሏት። «ኔትወርኩ ነው። ይሄ ልጅ ምስክሬ ነው፤ ስንት ለፋ መሰለሽ።»

ጣቴን አነሳሁ። መልእክቱ ወዲያው ሄደ።