ከበሩ በስተግራ ያለው በርሜል

ያ ጳጉሜ በጠቅላላው አንድ ዓይን አስከፈለን። ዓይኑ የእኔ አይደለም፤ የሸሪኬ ነው። ግን ሽርክና ስንገባ ትርፉንም ኪሳራውንም እኩል ለመካፈል ስለተስማማን ግማሹን በራሴ ላይ ይዤዋለሁ። ግማሽ ዓይን እንዴት እንደሚከፈል የሚያውቅ ካለ ይምከረኝ። እኔ እስከ ዛሬ አላወቅሁበትም።

ሱቃችን ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበረች፤ በአንድ ወገኗ ልብስ ሰፊ፣ በሌላው ወገኗ ባለቤቱ ተወስዶ የታሸገ ቤት። የመኪና ባትሪ እንሞላለን፣ እንጠግናለን፣ አሲድም እንሸጣለን። ዘመኑ ደርግ ነው፤ አዲስ ባትሪ ከማግኘት አዲስ መኪና ማለም ይቀላል። ስለዚህ ታክሲ ነጂው ሁሉ የሞተ ባትሪውን እንደ ታመመ ልጅ ታቅፎ እኛ ዘንድ ይመጣል። ሸሪኬ ባትሪውን ያድናል፣ እኔ ዋጋውን እናገራለሁ። ሁለቱም ድፍረት ይጠይቃል።

ሸሪኬ ሙያውን በልጅነቱ ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ ነው የተማረው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ እኔን «አንተ አራዳ» ይለኛል፤ ሲናደድም ሲደሰትም ያው ነው። አሲድን እንደ ተናካሽ ውሻ ያከብረዋል። ሲያፈስ የሞተር ብስክሌት መነጽር ያጠልቃል። አሲዱን ቀስ አድርጎ ወደ ውሃው ያንቆረቁራል እንጂ ውሃን በአሲድ ላይ ማፍሰስ እሱ ቤት ከመሳደብ ይብስ ነበር። «ውሃ ሲወርድበት ይቆጣል፤ ተቆጥቶ የሚተፋው ፊትህ ላይ ነው» ይላል። ለደንበኛም አይመለስም።

«ጋሼ፣ ቶሎ በልልኝ እንጂ፣ ሥራ ፈታሁ እኮ!» ይለዋል አንዱ ታክሲ ነጂ፣ ሲጋራውን እንዳንጠለጠለ።

«መጀመሪያ እሱን አጥፋ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ባትሪ ነው እኮ፣ ቤንዚን አስመሰልከው!»

«ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ይተነፍሳል፣ ትንፋሹ እሳት ይወዳል። ያቺን ጢምህን ካልጠላሃት ውጭ ጨርሰህ ግባ።»

ከሁሉ የባሰው ግን የበርሜሉ ነገር ነው። ከበሩ በስተግራ፣ ውጭ ከጣራው አሸንዳ ሥር፣ ሁልጊዜ ውሃ የሞላ በርሜል አለ። እጅ አይታጠቡበትም፣ ወለል አያጥቡበትም። ላስፈለገ ቀን ነው የሚቀመጠው። «አሲድ ዓይንህ ሲገባ እያየህ የምትሮጥ ይመስልሃል? አታይም። ያኔ የሚያይልህ እግርህ ነው» ብሎ ዓይኔን በጨርቅ እያሰረ ከሥራ ጠረጴዛው እስከ በርሜሉ ያስኬደኛል። ተራምዶ፣ ደፉን ተሻግሮ፣ ወደ ግራ ዞሮ፣ ክዳኑን ገፍቶ፣ ፊትን መንከር። ራሱም በየጊዜው ይሞክረዋል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ ከወሎ የመጡ አዛውንት ሐጂ፣ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው «ዛሬም ድብብቆሽ ናችሁ?» ይላሉ። እኔም ሸሪኬ ፊቱን ከውሃው ሲያወጣ ጠብቄ «ጋሼ፣ ዋናው እንዴት ነው፣ ለመድከው?» እለዋለሁ።

«ሳቅ» ይለኛል ጢሙን እያራገፈ። «እግርህ ይወቀው እንጂ አንተ ሳቅ።»

ያን ዓመት ጳጉሜ ሲገባ፣ የአብዮቱ በዓል ደረሰ ተብሎ ሁለት ትእዛዝ ወረደልን። አንደኛው፣ የሱቆች ግንባርና የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ በሙሉ ኖራ ይቀባ። ሁለተኛው፣ ዕቃ የደበቀ አሻጥረኛ ነጋዴ ይፈተሽ። እኛ ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ ከየት መጣ ተብሎ ከማይጠየቅ ቦታ፣ አንድ ትልቅ ጠርሙስ አሲድ አግኝተን ነበር፤ ጣሊያን ወይን ያስቀምጥበት የነበረ፣ ሆዱ በቅርጫት የታቀፈ፣ ውስጡ ገና ውሃ ያልነካው አሲድ። ከተፈቀደልን በላይ መሆኑን ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም፤ ማየት ይበቃል።

አሲድ ከጉልበት በላይ አይቀመጥም የሚለው ሕግ የሸሪኬ ነው። ሕጉን የሻረውም እሱ ነው። ቆሞ ጠርሙሱን አየው፣ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ያለውን የሳንቃ ቆጥ አየው።

«ፈታሾች ወደ ላይ አያዩም» አለ። «ጳጉሜ ደግሞ አምስት ቀን ናት። በዓሉ እንዳለፈ ይወርዳል።»

እኔም አምስት ቀን ምን አላት ብዬ ከታች ገፋሁ፣ እሱ ከላይ ተቀበለ። ፈታሾቹ መጡ፣ ጠረጴዛ ሥር ገቡ፣ ምድጃ ውስጥ አዩ፣ ወደ ላይ ሳያዩ ሄዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ሸሪኬ ሳይመጣ የቀበሌ ልጆች ኖራ በጆንያ ተሸክመው ደረሱ። አለቃቸው በርሜላችንን ከፍቶ አየ።

«ጓድ፣ ይህ በርሜል ለአብዮቱ ሥራ ተፈልጓል።»

«ጓድ፣ ይሄ እኮ የአሲድ አደጋ ቢደርስ ተብሎ የተቀመጠ ነው።»

«አብዮቱ ከአሲድ ያንሳል ነው የምትለኝ?»

ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ፣ መልሰህለት ምሳህን ቤትህ የምትበላበት መልስ የለም። በርሜሉ ከባድ ስለሆነ ከቦታው አላነቃነቁትም፤ ኖራውን እዚያው ገልብጠው በእንጨት አማሰሉት፣ ክዳኑን መልሰው ከደኑበት፤ በባልዲ እየቀዱ መንገዱን ተያያዙት።

ሸሪኬ ሲመጣ ገና ከደጅ ነገርኩት። «ጋሼ፣ በርሜላችን ወተት ሆኗል።»

ክዳኑን አንሥቶ አየ። አንድ ቃል ወደ ሆዱ ተሳደበ። ከዚያ ገብቶ መነጽሩን ሚስማሩ ላይ ሰቀለው።

«ዛሬ አሲድ አልነካም» አለ። «ውሃ በሌለበት አልነካም። ማታ አጥቤ ራሴ እሞላዋለሁ።»

እውነቱን ነው፣ ቀኑን ሙሉ አንዲት ጠብታ አልነካም። የባትሪ ጫፍ ሲፍቅ፣ ሽቦ ሲቀጥል ዋለ። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ የጳጉሜ ዝናብ፣ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ የሚደበድብ፣ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የማይደማመጥበት። ቆርቆሯችን የጣሊያን ዘመን ቆርቆሮ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ይንጠባጠባል። እኛም ልማዳችን የታወቀ ነበር፤ ጠብ ሲል ቀና ብሎ ቀዳዳውን ማየት፣ ሳፋ ከሥሩ ማስቀመጥ።

ሸሪኬ የሱፍ ቆቡ ላይ ጠብ አለበት። ቆቡ ወፍራም ስለሆነ አላቃጠለውም። እኔም አይቻለሁ፤ እጄን ሰድጄ ሳፋውን አነሣሁ።

«ደግሞ አዲስ ቀዳዳ!» አለና ቀና አለ።

ቅርጫቱን አሲዱ በልቶት ኖሯል። ጠርሙሱ ተንሸራቶ፣ አንገቱ በሳንቃው ጠርዝ ላይ ዘምበል ብሎ ነበር። ቀና ባለበት ቅጽበት ክዳኑ ለቀቀ፤ አሲዱ ዓይኑ ላይ ወረደ።

ጩኸቱን በዝናቡ ውስጥ ሰማሁት። ከዚያ እግሩ ሥራውን ጀመረ። አልተደናቀፈም፣ አልዳበሰም። ተራመደ፣ ደፉን ተሻገረ፣ ወደ ግራ ዞረ፣ ክዳኑን ገፋ። እኔ «ጋሼ ኖራ ነው! ኖራ ነው!» እያልኩ ከኋላው ነበርኩ። ቆርቆሮው ድምፄን በላው። ጠዋት በዓይኑ ያየውን ኖራ ጭንቅላቱ ያውቅ ይሆናል፤ እግሩ ግን የሚያውቀው ውሃ ነው። ፊቱን እስከ ጆሮው ነከረ።

ጎትቼ ሳወጣው ፊቱ ነጭ ነበር። ሰው በአንዴ ተሰበሰበ፤ በዚያ ዘመን እንኳ ለአደጋ ሰው አይጠፋም።

«ወተት! ወተት ፈልጉ!»

«ቅቤ ይሻለዋል፣ ቅቤ የያዘ የለም?»

«ውሃ እንዳታስነኩት፣ ቃጠሎ ውሃ ከነካው ያብጣል!»

ወተት በቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ቆይቷል፤ ቅቤም እንደዚያው። ምክር ግን በራሽን አልነበረም።

ሐጂ በትከሻቸው እየገፉ ገቡ። ለሶላት ውዱ የሚያደርጉባቸውን ማንቆርቆሪያዎች፣ የራሳቸውንም የሠራተኞቻቸውንም፣ ሞልተው እንዳሉ አስይዘው ነበር።

«ዘወር በሉ! አንተ፣ ራሱን በጎን አስተኛልኝ። ዓይኑን በጣትህ ክፈት።»

«ሐጂ፣ አልከፍት አለኝ።»

«ይጮሃል እንጂ አይሞትም። ክፈት!»

ደረጃው ላይ አስተኝቼ የዓይኑን ሽፋን በአውራ ጣቴ ፈለቀቅሁ። ጣቴ ሲቃጠል ተሰማኝ፤ ዛሬም ጫፉ ላይ ቆዳው እንደ ወረቀት ነው። ሐጂ በቀጭኑ፣ ከጆሮው ወደ አፍንጫው ያፈሱ ጀመር፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው፣ ያም ሲያልቅ ሠራተኞቻቸው ከአሸንዳው እየሞሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲታጠቡበት የኖሩበት እጅ ነው፤ አልቸኮለም፣ አልተንቀጠቀጠም። ወደ ላይ የዞረው ቀኝ ዓይኑ ነበር። ግራው ከሥር ነው። ለግራው የደረሰው ከላይ የወረደው ነው፤ ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ አሲድና ኖራ። ማንኛችንም ያኔ ገልብጡት አላልንም።

ያ ጢማሙ ታክሲ ነጂ በመኪናው ወሰደን። መንገዱን በሙሉ ሲጋራ አላጨሰም። ሸሪኬ እጄን ይዞ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀኛል።

«አንተ አራዳ፣ ይበራልኛል?»

«ይበራልሃል ጋሼ።»

«የትኛው?»

በንግድ ዓለም ስዋሽ ኖሬያለሁ፤ ለዚያች ጥያቄ ግን ውሸት አጣሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሟ ብዙ ውሃ አፈሰሱበት፣ ደግመው አፈሰሱ፣ በመብራት አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህን ቀኙን ማነው ያጠበው?»

«ልብስ ሰፊ ነው እመቤቴ።»

«ይህንኛውንስ?»

«እሱ ከታች ነበር።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ ጻፉ። የጻፉትን ለማንበብ አልሞከርኩም።

በማግሥቱ የቀበሌው ሰው ሱቁ መጣ። ወለሉ ላይ አሲዱ የቆፈረውን ጉድጓድ አየ፣ ቆጡን አየ። ከሁለት ቀን በፊት ማንም ወደ ላይ አላየም ነበር።

«አደጋው በምን ደረሰ?»

«ጣራው አፈሰሰ፣ ጓድ።»

እሱ ስለ አሲዱ ቢጠይቅ እኔ ስለ ኖራው እናገራለሁ፤ እኔ ስለ ኖራው ብናገር እሱ ስለ አሲዱ ይጽፋል። ሁለታችንም ነጋዴ ነበርን በዚያች ሰዓት። ወደ በርሜሉ አጎንብሶ ደም የነካውን ኖራ ተመለከተ።

«ይህ ከእንግዲህ አይቀባም» አለ አዝኖ፤ ያዘነው ለኖራው ነው። ከሌላ በርሜል አስመጥቶ በራችንን አስቀባ። ለበዓሉ ከመንገዱ ሁሉ ነጭ የእኛ ሱቅ ነበር።

ሸሪኬ የተመለሰው ጥቅምት ላይ ነው፤ ግራ ዓይኑ ላይ ጨርቅ፣ በቀኙ ብዥ ያለ ብርሃን፣ በኋላ ግን እያደር የጠራ። አልገባም፤ ደጅ ቆመ።

«በርሜሉ የት ነው?»

«ቦታው ነው። አዲስ ነው።»

ክዳኑን ገፋ። ጣቱን ነክሮ ምላሱ ላይ አደረገ፣ ጣዕሙን ጠበቀ፣ ተፋ።

«ውሃ ነው» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ ሲከፈት ከሰላምታ በፊት ያን ውሃ ይቀምሳል። በርሜሉን ሊበደር የመጣ ቢኖር፣ ቀበሌም ይሁን ጎረቤት፣ ሸሪኬ ፊቱን ወደ ብርሃን ዞር አድርጎ ያሳየዋል፤ ሰውየውም ባልዲውን ይዞ ይሄዳል። አዲስ የመጣውን አሲድ መሬት ላይ፣ በአሸዋ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥነው። ጠብ ባለ ቁጥር ግን ሁለታችንም መጀመሪያ አንገታችንን እንደፋለን፤ እሱ ቀድሞ፣ እኔ ተከትዬ። ዝናብ መሆኑን የምናውቀው ወለሉን አይተን ነው።

ሐጂ በአደጋው ሰሞን ማንቆርቆሪያዎቹን አሲድ ነክቷቸዋል ብለው ጣሉ፤ ሌላ ገዛሁላቸው፣ ተቀበሉኝ።

ሱቁን ስንከፍት ሁለት ሰው፣ አራት ዓይን ነበርን። ስንዘጋው ሁለት ሰው፣ ሦስት ዓይን።