በፊርማ የገቡ ጉጉቶች

ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። የነበርነው አራት ነን፦ የእርሻው ጌታ ባላምባራስ ይመኑ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ፣ ዘበኛው ጋሽ ወልዴ፤ አራተኛው ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ የእህል መጋዘኑ ቁልፍ ያዥ።

ኮልፌ ቀራንዮ ባለው እርሻችን ገብሱን አይጥ ፈጀው። ጉጉት አይጥ እንደሚበላ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ አንብቤ ነበር። ግን የጉጉት ጩኸት ሞት ይጠራል ብለው ለሚያምኑት ለባላምባራስ ይህ እንዴት ይነገራል? እኔ ደግሞ ከመናገር መጻፍ ይቀናኛል። «በእርሻችን ጉጉት እንዲበረታታ ፈቃድዎን እለምናለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ባላምባራስ አንብበው ፊታቸው በራ።

«እውነትህን ነው! እዚህ ግቢ ለሥራ የሚጓጓ ሰው ጠፍቷል» ብለው ፈረሙ።

በምን እንደተረጎሙት ገባኝ። አላረምኳቸውም። ጋሽ ወልዴ መሰላላቸውን አምጥተው ያዙልኝ፤ እኔ ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር ሳጥን በሚስማር መታሁ።

«ለእርግብ ነው?» አሉኝ።

«ለወፍ ነው» አልኳቸው። ዋሸሁ? አልዋሸሁም። እውነቱን ተናገርኩ? እሱንም አላደረግኩም።

በሁለተኛው ወር ጥንድ ጉጉት ገባ። አይጡ ቀነሰ። አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ አንደኛው ጮኸ። ባላምባራስ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አልጋቸው ላይ ወጡ፤ የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ፤ ከጎረቤት ጋር ሲከራከሩበት የኖሩትን የድንበር መሬት ለቀቁ። ሦስት ቀን ሞትን ጠበቁ። በአራተኛው ቀን ራባቸው።

«ኧረ ባላምባራስ፣ ወይ ይሙቱ ወይ ይብሉ!» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

በልተው ተነሡና ሳጥኑን አገኙት። መሰላሉ የማን እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

«ወልዴ! ለጉጉት ቤት ትሠራለህ?»

«ጌታዬ፣ እኔ ለራሴስ መች ቤት አለኝ!»

ጋሽ ወልዴ ዞረው አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የተፈረመበት ወረቀት በደረት ኪሴ ነበር። አላወጣሁትም። ባወጣው ሰውየው ይድኑ ነበር፤ አላወጣሁትም። በዚያው ቀን ተባረሩ። ጉጉቶቹን ለማባረር የደፈረ ስላልተገኘ እነሱ ቀሩ።

ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ከዚያ በፊት የሠራሁት አለ። በመጀመሪያው ረቂቅ «ጉጉት የተባለው ወፍ» ብዬ ጽፌ ነበር። «የተባለው ወፍ» የሚለውን በማስመሪያ ቀጥ አድርጌ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ቃሉ ሁለት ፍቺ እንዳለው አውቅ ነበር።

ስለዚህ ማሩኝ አልልም። ባላምባራስ፣ ወይዘሮ አስካለ፣ የዘለልኩት ካለ ይጨምሩበት። የጋሽ ወልዴን መኖሪያ የሚያውቅ ሰው ይህን ያንብብላቸውና የሚሉትን ከሥሩ ይጻፍልኝ። ስድብ ካለበትም አንዲት ቃል አይቀንስ።