የከለከልኩት ውሃ

በዚህ ነገር ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጄ፣ እናቷ፣ ሀደራ ከተማ ናሕሊኤል ሰፈር የሚኖሩት ሽማግሌ ቄሳችን፣ እና እኔ። ስማችንን መጻፍ አይጠቅምም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ልጄ በዚያ በጋ ውሃ አልበቃ አላት። ጆግ አንሥታ እስኪያልቅ አታወርደውም፤ ከሽንት ቤትም አትጠፋም። እኔ ተማሪ ቤት ሳልገባ ከመጻሕፍት የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሥጋ በልጓም ይገራል ብዬ አምን ነበር። እናቷ ሐኪም ይያት ብላ ለመነችኝ። ቄሱም አስጠርተው አስመርምራት አሉኝ፤ የታመመ ሰው ጾም የለበትም አሉ። ከበዓሉ በኋላ ብዬ መለስኩ።

እኛ አይሁዶች አንድ ቀን ሙሉ እህልም ውሃም ሳንቀምስ የምንጾመው የአስተስርዮ ጾም ደረሰ፤ ለልጄ የመጀመሪያዋ ነበር። ጾሙ ሳይገባ የቤቱን ዋና የውሃ መዝጊያ ዘጋሁ፤ በፍሪጅ የነበሩትንም ጠርሙሶች ቆለፍኩባቸው።

በማግስቱ ቀትር ላይ በረንዳ ላይ ተንበርክካ አገኘኋት። ማዝጋን ከምንለው የአየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበውን ውሃ ከሚያጠራቅመው ባልዲ ትጠጣለች። ነጥቄ እያየችኝ ደፋሁት።

«አባዬ፣ አፌን ብቻ ላርጥበው» አለች።

«በጸሎት አርጥቢው» አልኳት። በአነጋገሬ ኮርቼም ነበር።

አመሻሹ ላይ እናቷን አላወቀቻትም። አምቡላንሱ ለጾሙ ሲባል መኪና በማይነዳበት መንገድ፣ በብስክሌት የሚጫወቱትን ልጆች እያስነሣ መጣ።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። አንጎል የደምን ጨው ይለካል፤ ጨው ሲበዛ ጥማትን ይቀሰቅሳል፤ ለኩላሊትም ውሃውን ያዝ የሚል መልእክት በደም ይልካል። በልጄ አንጎል መለኪያው ደኅና ነው፤ መልእክቱ ግን አይወጣም። ኩላሊቷ የጠጣችውን ሁሉ ይለቀዋል።

«እስካሁን በሕይወት ያቆያት ጥማቷ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ያላነበብኩት የለም። ልጓም የሚያስፈልገው ለማን እንደነበር ዘግይቶ ገባኝ። ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰማሁ አሁንም ተነሥቼ እቆማለሁ፤ ለመክፈት ይሁን ለመዝጋት ራሴም አላውቅም።

ሁላችንም የከፈልነው ሲደመር ይህ ነው። ልጄ አራት ቀን ራሷን ሳተች፤ ያንን መልእክት የሚተካ ክኒንም ዕድሜዋን ሙሉ ትውጣለች። እናቷ በልጅቷ ክፍል መተኛት ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው። ቄሱ «አጥብቄ ብመክረው ኖሮ» እያሉ ዐረፉ። እኔስ? ናሓል ሀደራ ወንዝ ዳር ለሽርሽር ስንወጣ፣ ልጄ ጠርሙሷን ይዛ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ትሄዳለች። የሃያ ዓመት ሴት ናት፤ በእኔ ፊት ውሃ አትጠጣም።